ከዋልካ ማሳ እስከ ወጥ ድስት፦ የጥራጥሬ ወጥ በሐሙሲትና በፎገራ ዙሪያ

የጥራጥሬ ወጥ በሰሜኑ ደጋ የተስፋፋው በጾም ብዛት ነው የሚለው አስተያየት እውነትነት ቢኖረውም ምሉዕ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናንን በዓመት ለ180 ቀናት ገደማ ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ቢከለክልም፣ የትኛው እህል ተከክቶ ድስት እንደሚገባ የወሰነው አፈሩ ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የደራ ወረዳዋ የገበያ ከተማ ሐሙሲትም ለዚህ ማሳያ ትሆናለች።

ልማዱ ጥንታዊ ነው። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዋ ጆአን ዶምብሮውስኪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በበጌምድር፣ ከጣና በስተ ምሥራቅ በሚገኙት የላሊበላና የናቻቢየት ዋሻዎች (የመጀመሪያው ከላስታው ላሊበላ ጋር መምታታት የለበትም) ባካሄዱት ቁፋሮ፣ የዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ የነበረ የገብስ፣ የሽምብራና የሌላ ጥራጥሬ ቅሪት አግኝተዋል። ይህ ሲባል የዚያን ዘመን ወጥ የዛሬውን ይመስል ነበር ማለት አይደለም፤ ለወጡ ቀለምና ማቃጠል የሚሰጠው በርበሬ መገኛው አሜሪካ በመሆኑ፣ ወደ ኢትዮጵያም ሆነ ወደ ሕንድ የገባው ከ1492 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው።

በዚህ ረገድ የደቡብ ሕንዱ ሳምባር፣ ማለትም ከርግብ አተር ክክ፣ ከአትክልትና ከሁመር ጭማቂ የሚሠራው መረቅ የበዛበት ወጥ፣ የቅርብ ዘመድ ሊባል ይችላል። የሕንዷ ባለሙያ ሰናፍጭንና ቅመማ ቅመምን በዘይት ጠብሳ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ስትጨምር፣ የደራዋ እናት ደግሞ ቀይ ሽንኩርቱን ከበርበሬ ጋር አስቀድማ ታቁላላለች፣ መከለሻውን ወጡ ሊወጣ ሲል ትነሰንሳለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1956 እ.ኤ.አ. ሕንድን ከጎበኙ በኋላ ከኬረላ የመጡ በርካታ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ቢያስተምሩም፣ ሳምባራቸው ከጓዳቸው አልፎ የአገሬውን ሰው ምጣድና ድስት አልለወጠም።

ከሁሉ ይልቅ የአካባቢውን ወጥ ልዩ ያደረገው ጓያ ነው። ክረምት በርብና በጉማራ ወንዞች ሙላት የሚጥለቀለቀው ጥቁር የዋልካ መሬት ውኃው ሲሸሽ ጓያ ይዘራበታል፤ እህሉም በቀረው እርጥበት ብቻ ደርሶ፣ ሌላው ሰብል በድርቅ በሚጠፋበት ዓመት ሳይቀር ይታጨዳል። ተቆልቶና ተከክቶ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከኮረሪማ ጋር ተፈጭቶ የሚዘጋጀው የጓያ ሽሮ በጣዕሙ ብዙዎች ከሽምብራው የሚያስበልጡት፣ በዋጋውም ለድኃው የሚቀርብ ነው።

ይሁን እንጂ እህሉ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ስለሚይዝ፣ በችግር ጊዜ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን አሳስሮ የማይድን ሽባነት ያስከትላል። በ1976 እና በ1977 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ወረርሽኝ ተከስቷል፤ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም በደንቢያና በፎገራ ሕመሙ በስፋት እንደሚገኝ አሳይቷል። ገበሬው ራሱ ጉዳቱን ሳያውቅ አልቀረም፤ ነገር ግን ጥፋቱን በሚፈላው ድስት እንፋሎትና በማሳው ጭድ ላይ የማላከኩ ልማድ ከምግቡ ብዛት ትኩረቱን አርቆታል። በደላንታ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደረሰው ወረርሽኝ በኋላ የተደረገው ምርመራ፣ ጓያን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎና አቡክቶ መመገብ አደጋውን እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

በደርግ ዘመን ሩዝ በፎገራ ሜዳ ከተስፋፋ ወዲህም ጓያ አልጠፋም፤ ሩዙ በተነሣበት መሬት ተከትሎ ይዘራል። ሕንድ በ1961 እ.ኤ.አ. የጓያን ሽያጭ ስታግድ፣ በኢትዮጵያ የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል መርዙ ዝቅ ያለ «ዋሴ» የተባለ ዝርያ አውጥቷል፤ የዝርያው ዘር በገበሬው እጅ በሚገባ እስኪዳረስ ድረስ ግን ጓያውን በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከዚያም ከሽምብራና ከአተር ጋር ቀላቅሎ መፍጨት ለሽሮ ባለሙያዎች ሁሉ የሚመከር ነው።