የጤና ሠራተኞች ሥልጠናና የወጣቶች ሱስ

ወጣቱን ከሱስ ለመጠበቅ በአፍሪካ ቀንድና በአካባቢው አስቀድሞ የተሞከረው መንገድ ክልከላ ነው። በዓደን የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር በ1949 ዓ.ም. ጫትን ከለከለ፤ ዕገዳው ግን በሚቀጥለው ዓመት ተነሣ። የሶማሊያ መንግሥትም በ1975 ዓ.ም. ይህንኑ ዐወጀ፤ ንግዱ ግን በስውር ቀጠለ እንጂ አልጠፋም። ሕጉ ሻጩን ለማሳደድ በቅቶ ይሆናል፤ ቅጠሉን በጉንጩ የያዘውን ልጅ ቀርቦ የሚያናግር ሰው ግን አላሰናዳም።

እንዲህ ያለውን ሰው የማሰናዳቱ ነገር በኢትዮጵያ የተጀመረው በሌላ በሽታ ምክንያት ነው። ወባ በደምቢያ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ጀመር። ተማሪዎቹም በኅብረት ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየወጡ ሥራውን በሥራ ይማሩ ነበር። የዘመኑ ጭንቅ ወባንና ፈንጣጣን የመሰለ ተላላፊ በሽታ ስለ ነበረ፣ ሥልጠናው ፊቱን ወደዚያ ማዞሩ አያስነቅፈውም። የአእምሮና የሱስ ሕክምና ግን ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ተወስኖ ቀረ። ከጅማ ወይም ከሐረር ልጁን ይዞ እስከዚያ የሚመጣ ወላጅ፣ የሚመጣው ነገሩ ሥር ከሰደደ በኋላ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን አንድ ዓመት እያሠለጠነ፣ ለየገጠሩ ቀበሌ ሁለት ሁለት አድርጎ መደበ። የሕዝቡ ደጅ በዚህ ተደረሰ። በደጁ ላይ ስለ ሱስ ምን እንደሚጠየቅ ግን ገና ነበር።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ልዩ ሐኪም ላልሆኑ የጤና ሠራተኞች ያወጣው መመሪያ መጠጥንና አደንዛዥ ዕፅን ከአእምሮ ሕመሞች ጋር አግብቶ ነበር፤ ኢትዮጵያም አስቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ሆነች። ትምህርቱ ቀላል ይመስላል። ሠራተኛው ስለ ሳል እንደሚጠይቅ ሁሉ ስለ መጠጥና ስለ ዕፅ ይጠይቃል፤ «ለምን ጠጣህ» ሳይሆን ስንት ቀን፣ ስንት ብርጭቆ ይላል። ጉዳቱን ያስረዳል፤ ከዚያም ወጣቱ ራሱ ምን ለመለወጥ እንደሚፈልግ ይሰማና የመመለሻ ቀን ይቀጥርለታል። ለጫት ሱስ የተለየ መድኃኒት ስላልተገኘለት፣ ይህ ንግግር ራሱ የሕክምናው ዋና ክፍል ነው። በቍጣ ከተጀመረ ወጣቱ ዳግመኛ አይመጣም። ቍጣን መተው ደግሞ በጥቂት ቀን ኮርስ የሚያዝ ነገር አይደለም፤ በሥራው ቦታ እየተመላለሰ የሚያርም አሠልጣኝ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚመደበው ጊዜና ገንዘብ ግን ሁልጊዜ ከኮርሱ ያነሰ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥና ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ቢሆንም በጤና ጣቢያው ያለው ችግር ከዐዋጁ ውጭ ነው። ወጣቱን ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመጣው አባቱ ነው፤ ጥያቄውንም አስቀድሞ የሚመልሰው እርሱ ነው። አዲሱ ሥልጠና ልጁ ብቻውን እንዲናገር ጊዜ ይሰጠው ይላል፤ ሽማግሌውን «አባቴ፣ እባክዎ ጥቂት ውጭ ይቈዩን» ማለት ግን ለሃያ ዓመት ነርስ ከመርፌው ይከብዳታል።