ሶፍትዌሩ ሲታደስ መምህሩስ?

ወንጂ ከአዳማ አጠገብ ናት። የደቹ ኩባንያ ኤችቪኤ እዚያ በ1954 ስኳር ማምረት ጀመረ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አገዳ የሚጨምቁት ሮለሮች ላያቸው ቦይ ቦይ ነው። ቦዩ ሲያልቅ ሮለሩ ቶርኖ ላይ ታስሮ እንደገና ይቀረጻል። የዚህ ሥራ እውቀት በሰው እጅና ዓይን ውስጥ ነው፤ ባለሙያው አንዴ ከተማረው እስከ ጡረታ ያገለግለዋል።

ከዚያ 2 ዓመት ቀደም ብሎ ግን ኤምአይቲ በተበሳ ወረቀት የሚታዘዝ ማሽን ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። ችግሩ ወረቀቱን ማዘጋጀቱ ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ በእጅ ትሰላለች። በ1959 የዳግላስ ሮስ ቡድን ኤፒቲ የተባለውን ቋንቋ ይፋ ሲያደርግ ስሌቱ ወደ ኮምፒውተር ሄደ። በነገራችን ላይ፣ ለጋዜጠኞቹ በዚሁ ዘዴ የተሠራ የአሉሚኒየም የሲጋራ መተርኮሻ ታድሏቸዋል። የዛሬው ካም ሶፍትዌር የዚያ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ካም የመቁረጫውን መንገድ ያሰላል እንጂ ማሽኑን በቀጥታ አያናግርም። መሀል ላይ ፖስት ፕሮሰሰር የሚባል አስተርጓሚ አለ፤ መንገዱን ወደ ጂ-ኮድ የሚቀይረው እሱ ነው። ጂ-ኮድ በ1982 አይሶ 6983 ተብሎ ዓለም አቀፍ ደረጃ ቢወጣለትም እያንዳንዱ አምራች የራሱ ዘዬ አለው። ጂ71 ሲመንስ ላይ «መለኪያው ሚሊሜትር ነው» ማለት ነው። ብዙ የፋኑክ ቶርኖዎች ላይ ግን ብረቱን ደጋግሞ በሻካራው የመላጥ ትእዛዝ ነው!

ሌላም አለ። «ዜድ50.» ብላችሁ ብትጽፉ መቁረጫው 50 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። አሮጌ አሠራር በያዙ የፋኑክ ኮንትሮለሮች ላይ ነጥቧን ከረሳችሁ ግን 50 የሚነበበው በማይክሮን ነው፤ ማለትም 0.05 ሚሊሜትር፣ ከወረቀት ውፍረት ያነሰ። ቀጣዩ ትእዛዝ «በፍጥነት ወደ ጎን ሂድ» ከሆነ መቁረጫው ሞርሳው ላይ ይጋጫል። ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ግን ሁሉም ነገር ያምር ነበር።

አሁን ወደ አዳማ እንመለስ። ከተማዋ በ1980ዎቹ በሶቭየት እርዳታ የተቋቋመ የትራክተር መገጣጠሚያ ነበራት። በ1993 ደግሞ ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ቆይቶም የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ ሆነ። በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 የዛሬውን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስም ያዘ። ለእኔ ከስሞቹ ሁሉ የሚበልጠው መሀል ያለው ነው፤ የመምህራን መምህር መሆኑ። እዚህ አንድ አሠልጣኝ የተማረው ነገር ሞጆ፣ ባቱ ወይም ሻሸመኔ ያለ ኮሌጅ ውስጥ ለዓመታት ይደጋገማል። ያረጀ እውቀትም እንደዚያው።

በ2005 የተጀመረው፣ ጀርመን የደገፈችው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራምና የ2008ቱ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ትኩረቱን «ሠልጣኙ ምን መሥራት ይችላል» ወደሚለው አዞሩት። ጥሩ ነው። ግን ብዙዎቹ የካም አምራቾች በየዓመቱ አዲስ ቨርዥን ያወጣሉ፤ ማሽኑ ደግሞ 20 እና 30 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ አዲሱን ቨርዥን መጫን ብቻውን አፕዴት አይባልም። ሥልጠናው የአዳዲስ በተኖች ጉብኝት ሆኖ ካለቀ ሠልጣኙ ወደ ከተማው ተመልሶ አሮጌው ኮንትሮለር ፊት ሲቆም ምን ሊያደርግ ነው? ስለዚህ በመጀመሪያ ጂ-ኮድን በእጅ መጻፍ፣ ቀጥሎ ፖስቱን ማንበብና ማስተካከል፣ ሜኑው ከዚያ ይደርሳል ባይ ነኝ።

«ላይሰንሱ በዶላር ነው» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፤ ግን ለመማሪያ ፍሪካድ በነጻ ይገኛል፣ የካም ክፍልም አለው። ፖስት ፕሮሰሰሮቹ በፓይተን የተጻፉ ተራ ፋይሎች ናቸው። አንዱን ገልብጣችሁ ክፈቱና ቁጥሮቹን ከነነጥባቸው የሚያወጣውን መስመር ፈልጉ።