በፍጹም፣ ወይስ እንደ ሁኔታው?

ዛሬ አልጄሪያ በምንላት አገር፣ ታጋስቴ በተባለች የሮማውያን ዘመን ከተማ ፊርሙስ የሚባል ጳጳስ ነበር። የሚታደን ሰው ሸሽጎ ሳለ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኞች መጥተው አውጣ አሉት። ሊዋሽም ሊጠቁምም እንደማይችል ነገራቸው። አሠቃዩት፤ አልተበገረም። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሲቀርብ ጽናቱ አስደንቆ ለሸሸገው ሰው ምሕረት አስገኘ። ታሪኩን ያቆየልን የዚያችው ከተማ ልጅ አውግስጢኖስ ነው፤ በ395 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለ ውሸት በጻፈው መጽሐፍ።

አውግስጢኖስ ነፍስ ለማዳን የተዋሸም ቢሆን ውሸት ኃጢአት ነው ባይ ነበር። ታዲያ ፈርዖንን ያታለሉት የዕብራውያን አዋላጆች፣ ሰላዮቹን የደበቀችው ረዓብስ እንዴት ተባረኩ? ለርኅራኄያቸው እንጂ ለውሸታቸው አይደለም ብሎ መለሰ። በእሱው ዘመን የነበረው መነኩሴ ካስያን ግን ውሸትን እንደ መርዛም መድኃኒት አየው፦ ጤነኛውን ይገድላል፣ ሊሞት የተቃረበውን ሊያድን ይችላል።

የሚገርመው፣ ስለ ውሸት እንዲህ የማይነቃነቀው አውግስጢኖስ ስለ ግርፋት ሲጽፍ ይላላል። «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው ሥራው 19ኛ መጽሐፍ፣ ዳኛው እውነቱን ስለማያውቅ ንጹሑን ጭምር እንደሚያስገርፍ ይተርካል። ያዝንለታል፤ ከወንበርህ ተነሥ ግን አይለውም። ክልከላውን ምላስ ላይ ጥሎ ጅራፉን ለቀቀው። ለእኔ የዚህ ክርክር ቁልፉ እዚህ ነው፤ «በፍጹም» የሚለው ቃል ተገቢ ይሁን አይሁን ከመጠየቅ በፊት የት ላይ እንደዋለ ማየት ያሻል።

ጅራፉም ተለቆ አልቀረም። በ1252 እ.ኤ.አ. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 4ኛ በመናፍቅነት የተጠረጠሩ እንዲገረፉ ሲፈቅዱ ገደብ አበጅተው ነበር፤ አካል እንዳይጎድል፣ ሕይወት እንዳያልፍ። ግርፋቱ እንዳይደገም የሚለውን ደንብ መርማሪዎቹ «አልደገምነውም፣ የቀደመውን ቀጠልን» እያሉ አለፉት። ከዚያ የጠንቋይ አደኑ ዘመን መጣ። በ1631 ፍሬድሪክ ሽፔ የተባለ ጀርመናዊ ኢየሱሳዊ ካህን ስሙን ደብቆ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጠንቋዮቹን የሚፈጥራቸው ግርፋቱ ራሱ ነው አለ፤ የሚቃጠሉትን ሲያናዝዝ የኖረ ሰው ነበርና ያውቃል። ጣሊያናዊው ቤካርያ በ1764 ነገሩን አሳጠረው፦ ግርፋት ጠንካራውን ወንጀለኛ ነጻ ያወጣል፣ ደካማውን ንጹሕ ያስፈርድበታል።

የውሸቱ ክርክር በ1797 በሌላ መልክ ተመለሰ። ነፍሰ ገዳይ በር አንኳኩቶ ወዳጅህ እቤት ነው ወይ ቢልህስ? ፈረንሳዊው ኮንስታንት እውነቱ አይገባውም ሲል፣ ፈላስፋው ካንት ለእሱም አይዋሽም አለ። ካንት የሚሟገተው እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ልዩ ሁኔታ ከፈቀደ ቃል የሚባል ነገር ይፈርሳል ብሎ ነው፤ ክብደት ያለው ሐሳብ ነው። ግን በእሱ ሕግ የሚሞተው በሩ ላይ የቆመው ሳይሆን ጓዳ የተደበቀው ነው። እዚህ ላይ ረዓብ ከካንት ትበልጣለች።

በግርፋት ላይ ግን ፍርዴ ይገለበጣል። ምክንያቱ በ1956 እ.ኤ.አ. ከወደ ፊርሙስ አገር ይመጣል። ፌርናን ኢቭቶን የተባለ ሠራተኛ አልጀርስ ውስጥ ቦምብ ሲያጠምድ ተያዘ፤ ሌላ ቦምብ ሊፈነዳ ነው ተባለ። የፖሊሱ ኃላፊ ፖል ተትዠን፣ ራሱ በናዚዎች የተሠቃየ ሰው፣ ይገረፍ ቢሉት እምቢ አለ። ቦምቡም አልፈነዳም። ኢቭቶን ግን ከገራፊዎቹ እጅ አልዳነም። በተከታዩ ዓመት የፈረንሳይ ጦር ከተማዋን ሲረከብ፣ ለአንድ ቦምብ ተብሎ የተጠየቀው ፈቃድ የዕለት ተዕለት ሥራ ሆነ፤ ተትዠንም ሥልጣኑን ለቀቀ። እኛስ? «ያለ ምንም ደም» ብሎ የተነሣው አብዮት ገና ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። አብዮቱን ከጠላት ለማዳን ሲባል ደግሞ በየቀበሌው ወፌ ላላ የተባለው ግርፋት ተዘረጋ።

የልዩ ሁኔታ ደጋፊዎች ሁልጊዜ የሚያመጡት ምሳሌ ሁሉ ነገር የታወቀበት ነው፤ ቦምቡ አለ፣ ሰውየው ያውቃል፣ ከተገረፈ ይናገራል። እውነተኛው የምርመራ ክፍል ውስጥ ግን ከሦስቱ አንዱም አይታወቅም።

በጣም የሚከብደው ጉዳይ የደረሰው በ2002 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ላይ ነው። የ11 ዓመት ልጅ ታፍኖ፣ የፖሊሱ ምክትል አዛዥ አፋኙን ካልተናገርክ ትሠቃያለህ ብለው እንዲያስፈራሩት አዘዘ። ሰውየው ተናገረ፤ ልጁ ግን ቀድሞ ተገድሏል። ፍርድ ቤቱ አዛዡን ጥፋተኛ አለው፤ ቅጣቱ ግን ማስጠንቀቂያና የታገደ የገንዘብ መቀጮ ብቻ ሆነ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2010 እ.ኤ.አ. ክልከላው የልጅ ሕይወት አደጋ ላይ ሳለም እንደማይላላ አጸና። ሕጉ አይታጠፍም፤ ለጣሰው ሰው ግን ይራራል። ከዚህ የተሻለ መልስ እስካሁን አላየሁም።

የተባበሩት መንግሥታት የ1984 እ.ኤ.አ. ስምምነት ጦርነትም ሆነ የፖለቲካ ቀውስ ለማሰቃየት ሰበብ አይሆንም ይላል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ የማይታገዱትን ሲዘረዝር፣ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለውን አንቀጽ 18 አስገብቷል። በሕይወት የመኖር መብትን የያዘው አንቀጽ 15 ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም።