አሮጌ ወርቅ በሚዛንና በድንጋይ ፊት

በኢትዮጵያና በአጎራባች አገሮች የወርቅ ጌጥ ለብዙ ዘመን የቤት ተቀማጭ ገንዘብ ሆኖ ኖሯል። ባንክ ባልነበረበት ጊዜ ባለጸጋው ቤተ ሰብ ትርፉን ወደ ጉትቻ፣ ወደ ድሪ፣ ወደ አምባርና ወደ ቀለበት ይለውጠው ነበር፤ እናት ለልጇ ታወርሰዋለች፣ ክፉ ቀን የመጣ እንደሆነም ከሣጥን ወጥቶ ወደ ገበያ ይሄዳል። በዚያች ሰዓት ባለቤቱ የያዘውን ነገር ልክ ያላወቀ እንደሆነ የሁለት ትውልድ ቁጠባ በአንድ ጧት ይባክናል።

የወርቅን ጥራት መጠራጠር ጥንታዊ ነገር ነው። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ጀምረው የወርቅ ገንዘብ አሳትመዋል። የመጀመሪያዎቹ ገንዘቦች ወርቃቸው ለንጹሕ የቀረበ ነበር፤ በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን ግን ድብልቁ እየበዛበት ጥራቱ ወረደ። እነዚሁ ነገሥታት በአንዳንድ የብርና የመዳብ ገንዘባቸው ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ፣ ስስ ወርቅ ያስለብጡ ነበር። ጥበቡ እጅግ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ላይኛው ገጽ ስለ ውስጡ ታማኝ ምስክር ሊሆን እንደማይችልም ይታይበታል።

ሚዛኑ ከጥራቱ ያላነሰ ነገር ነው። ወርቅ በኢትዮጵያ የሚመዘነው በወቄት ነበር፤ በ19ኛውም ምዕት ዓመት ሕዝቡ ጠገራ ብር የሚለው የማርያ ቴሬዛ ብር በገበያው ላይ ስለ ሠለጠነ የአንድ ወቄት ልክ የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ሆነ። በዚህ ገንዘብ ላይ የተጻፈው 1780 እ.ኤ.አ. ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በየአገሩ ሲታተም ቀኑ አልተለወጠም። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከ1000 እጅም 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ወርቅ በብር ገንዘብ መመዘኑ ለዛሬ ሰው እንግዳ ይመስላል፤ ሆኖም በየገበያው የሚገኝና ልኩን ሁሉ የሚያውቀው ከዚህ የተሻለ የሚዛን ድንጋይ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ብዙ እጅ የነካው ብር ይሳሳል። ነጋዴው ወርቅ ሲገዛ አዲሱን ብር፣ ወርቅ ሲሸጥ ያረጀውን ብር በሚዛኑ ላይ ቢያኖር፣ አንድም የሐሰት ቃል ሳይናገር በየወቄቱ ትርፍ ያገኛል። ስለዚህ ብልህ ሻጭ ወርቁን ከመስጠቱ አስቀድሞ በወርቁ ፊት የሚቀመጠውን ብር መመርመር ነበረበት።

በኋላ ዘመን ደግሞ ሌላ መደናገር መጣ። የዓለም ገበያ የወርቅን ዋጋ የሚናገረው 31.1 ግራም በሚመዝነው በትሮይ አውንስ ነው፤ በአማርኛም ይህን አውንስ ወቄት እያሉ የሚተረጕሙ ብዙዎች ናቸው። ሁለቱ በ3 ግራም ያህል ይለያያሉ። ሻጩ በአውንስ አስመዝኖ የወቄትን ዋጋ ቢቀበል፣ ከ10 አውንስ ላይ 30 ግራም፣ ማለት ከአንድ ሙሉ ወቄት የሚበልጥ ወርቅ በነጻ ሰጠ ማለት ነው። ከ1934 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. የአንድ አውንስ ዋጋ በ35 የአሜሪካ ዶላር ተወስኖ ስለ ነበር ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዋጋው በየቀኑ ስለሚለዋወጥ የዕለቱን ዋጋ ሳይጠይቁ መሸጥ ዓይንን ጨፍኖ እንደ መሸጥ ነው።

ጥራቱን ለማወቅ አንጥረኞች ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ጥቁር የመፈተኛ ድንጋይ ነው። ጌጡ በድንጋዩ ላይ ተፍቆ መስመር ያወጣል፤ በአጠገቡም ጥራቱ የታወቀ ወርቅ ይፋቃል፤ ከዚያ በኋላ የናይትሪክ አሲድ ሲነካው መዳቡና ብሩ ይሟሟሉ፣ ወርቁ ይቀራል። በ3ኛው ምዕት ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የኖረው የሰራኩሱ አርኪሜድስ የንጉሡን ዘውድ በውኃ ፈተነ የሚለው ታሪክ ደግሞ ሁለተኛውን መንገድ ያሳያል፦ ወርቅ ከእኩል መጠን ውኃ 19 ጊዜ ከጥቂት ይከብዳል፣ ብር ግን 10 ጊዜ ተኩል ብቻ። ይህ ፈተና ውስጡ ባዶ የሆነውን ጌጥ ሊዳኝ አይችልም። በአንዳንድ አሮጌ ጌጥ ሆድ ውስጥ ሰም ወይም ሙጫ ይገኛል፤ በቅኔ ቤት ሰሙ ከወርቁ ሲለይ ተማሪው ደስ ይለዋል፣ በሚዛን ላይ ሳይለይ የቀረ ሰም ግን ጠብን ያመጣል።

ክብደቱና ጥራቱ ከታወቀ የቀረው የትምህርት ቤት ሒሳብ ነው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ይባላል። 16 ግራም የሚመዝን ባለ 21 ካራት አምባር በ21 ተባዝቶ ለ24 ሲካፈል 14 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው፤ ባለ 18 ካራት ቢሆን 12 ግራም ብቻ ይሆናል። ፈርጥ ካለበት የፈርጡ ክብደት አስቀድሞ ይቀነሳል። ገዢው የማቅለጫውንና የትርፉን ቢቀንስ አይነቀፍም፤ ነገር ግን ስንት እንደ ቀነሰ መናገር ይገባዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የእጅ ሥራው ዋጋ ነው። ጌጡ ሲገዛ ለአንጥረኛው ድካም ተከፍሎበታል፤ ሲሸጥ ግን ለእቶን የሚገዛ ሰው የሚያስበው ብረቱን ብቻ ነው። የፋሽስት መንግሥት ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ እንዲሰጡ ተደርጎ በምትኩ የብረት ቀለበት ተቀብለዋል፤ ንግሥት ኤሌናም ቀለበቷን ሰጥታለች። ወደ እቶን የገባ የንግሥት ቀለበት ከገበሬ ሚስት ቀለበት አይለይም። ስለዚህ የቀድሞ አንጥረኞች በረቀቀ እጅ የሠሩት ድሪ ወይም መስቀል ለማቅለጥ ከሚገዛው ሰው አስቀድሞ የጥንት ዕቃ ለሚያውቅ ሰው መታየት አለበት፤ አንዴ ከቀለጠ የሚመልሰው የለም።

ለመሸጥ የቆረጠ ቤተ ሰብ ጌጦቹን በየካራታቸው ለይቶ ለየብቻ ያስመዝናቸው፤ ባለ 21ና ባለ 14 ካራት ወርቅ በአንድነት በሚዛን ላይ ከወጣ ገዢው ሁሉን በታችኛው ዋጋ ሊቆጥረው ይችላልና።