ምሕረትና ካሳ፦ ስለ ደቡብ አፍሪቃ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሲዮን ታሪክ

የግፍ አገዛዝ በወደቀ ጊዜ ለዳኞችም ለሽማግሎችም የሚከብድ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ገራፊውና ተገራፊው፥ ገዳዩና የሟች ወገን በአንድ አገር፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ መንደር ይቀራሉና በመካከላቸው ፍርድ እንዴት ይሁን? በደሉ ሁሉ በበቀል ይመለስ ቢባል ደም ደምን ይጠራል፤ ሁሉም ይረሳ ቢባል ደግሞ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከሁለቱ የተለየ መንገድ ፈልገው ከሄዱት ሕዝቦች አንዱ የደቡብ አፍሪቃ ሕዝብ ነው። የሠራውም የጎደለውም ለሌላው ትምህርት ስለሚሆን ታሪኩ ከዚህ ቀጥሎ ይነገራል፤ ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በ1948 ናሲዮናል ፓርቲ የተባለው ወገን ሥልጣን በያዘ ጊዜ ሰውን በቀለሙ የሚለየው አፓርታይድ የተባለው ሥርዐት በሕግ ጸና። ጥቁሩ ሕዝብ መንግሥቱን እንዳይመርጥ ተከለከለ፥ ከርስቱም ተነቀለ፤ የተቃወመው ታሰረ፥ ተሰደደ፥ ተገደለም። ኔልሰን ማንዴላም 27 ዓመት ታስረው በ1990 ከተፈቱ በኋላ፥ በሚያዝያ 1994 ሕዝቡ ሁሉ ያለ ቀለም ልዩነት መርጦ ፕሬዚዳንት አደረጋቸው። ዳሩ ግን ይህ ለውጥ የተገኘው በድርድር እንጂ አንዱ ወገን ሌላውን በጦር ሜዳ ድል ነሥቶ አልነበረም፤ የቀድሞው ሠራዊትና ፖሊስም መሣሪያውን እንደ ያዘ ነበረ። ስለዚህ የ1993 ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት፥ በፖለቲካ ምክንያት ለተሠራ ወንጀል ምሕረት እንዲሰጥ በመጨረሻው ክፍል ደነገገ።

ምሕረቱ እንዴት ይሰጥ የሚለውን ደግሞ በ1995 የወጣው 34ኛው ሕግ ወሰነ። በዚህም ሕግ 17 አባሎች ያሉት የእውነትና የዕርቅ ኮሚሲዮን ተቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩ የኬፕ ታውን የአንግሊካን ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ዴዝሞንድ ቱቱ፥ ምክትላቸውም አሌክስ ቦሬይን ሆኑ። ሥራውም በሦስት ተከፈለ፤ አንዱ ክፍል የተበዳዮችን ቃል ይሰማል፥ ሁለተኛው የምሕረት ልመናን ይመረምራል፥ ሦስተኛው ካሳ የሚሰጥበትን ምክር ያዘጋጃል። ምሕረቱም በጅምላ የሚታደል አልነበረም። ፈላጊው በስሙ ቀርቦ፥ ሥራው የፖለቲካ ምክንያት ያለው መሆኑን አስረድቶ፥ ያደረገውን ሁሉ አንዳች ሳይሸሽግ መናገር ነበረበት። ይቅርታ እንዲጠይቅ ግን ሕጉ አላስገደደውም፤ ሕግ ቃልን እንጂ ልብን ማዘዝ አይችልምና።

በሚያዝያ 1996 በኢስት ለንደን ከተማ አዳራሽ ጉባኤው በተከፈተ ጊዜ አስቀድሞ የተሰማው የበዳዮች ሳይሆን የተበዳዮች ቃል ነበረ። ከቀረቡትም መካከል በሰኔ 1985 በጸጥታ ፖሊሶች የተገደሉት የክራዶክ አራት ሰዎች ሚስቶች ነበሩ። የፎርት ካላታ ሚስት ኖሞንዴ ካላታ ሲናገሩ ሐዘናቸው ገንፍሎ በጮኹ ጊዜ ጉባኤው ለጥቂት ጊዜ ተቋረጠ። ያ ጩኸት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተሰምቶ፥ አላየንም አልሰማንም ይሉ የነበሩትን ሁሉ ምክንያት አሳጣቸው። ከዚያም በኋላ ከ21,000 በላይ የሚሆኑ ተበዳዮች ቃላቸውን ሰጡ፤ በየቋንቋቸውም እንዲናገሩ አስተርጓሚ ቆመላቸው።

ምሕረት የለመኑት 7,112 ሰዎች ነበሩ፤ ያገኙት ግን 849 ብቻ ናቸው፥ 5,392ቱ ተከለከሉ። በዚህም መንገድ በመዝገብ ያልተጻፈ ብዙ ምስጢር ተገለጠ፤ የተቀበሩበት ያልታወቀ ሟቾችም ዐጥንታቸው ተገኝቶ ለወገናቸው ተሰጠ። ቢሆንም ሁሉም በዚህ ደስ አልተሰኘም። በ1977 በፖሊስ እጅ የሞተው የስቲቭ ቢኮ ቤተ ሰዎች ከሌሎች ጋራ ሆነው፥ ይህ ሕግ ገዳይን ከሰን የማስፈረድ መብታችንን ይነሣናል ብለው በ1996 ለሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ፍርድ ቤቱም ሕጉን አጸና። በቢኮ ነገር ምሕረት የለመኑት ፖሊሶች ግን በ1999 ተከለከሉ።

ኮሚሲዮኑ የራሱን ወገን መርጦ አላደላም። በአምስት ቅጽ የተጻፈውን መዝገብ ጥቅምት 29 ቀን 1998 ለፕሬዚዳንት ማንዴላ ሲያቀርብ፥ የአፓርታይድን መንግሥት ከሁሉ የከበደ በዳይ አድርጎ ጻፈ፤ ነጻነትን ያመጣው የአፍሪቃ ብሔራዊ ኮንግረስም በትግሉ ዘመን የሠራውን በደል አልሸፈነለትም። ኮንግረሱ መዝገቡ እንዳይወጣ በፍርድ ቤት ቢሞክር አልሆነለትም። አብያተ ክርስቲያናትም በኅዳር 1997 በኢስት ለንደን ሦስት ቀን ቀርበው ተጠየቁ። አፓርታይድን በትምህርት ደግፋ የኖረችው የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን መሪም ከቀረቡት አንዱ ነበሩ። ከዚያ ጉባኤ የተገኘው ትምህርት፥ ግፍን የሚደግፍ ስብከት ብቻ ሳይሆን በግፍ ፊት ዝም ማለትም እንደሚያስጠይቅ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሊመሰገን ይገባዋል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ያሳዝናል። ምሕረት ያገኘ ሰው በወንጀል ብቻ ሳይሆን በካሳም እንዳይከሰስ ሕጉ ከልክሎ ነበርና፥ የካሳው ዕዳ ከበዳዩ ትከሻ ወርዶ በመንግሥት ላይ ዐርፎ ነበር። ኮሚሲዮኑም ለእያንዳንዱ ተበዳይ በዓመት እስከ 23,000 ራንድ ለ6 ዓመት እንዲከፈል መክሮ ሳለ፥ መንግሥቱ በ2003 የወሰነው አንድ ጊዜ ብቻ 30,000 ራንድ መስጠትን ሆነ። ምሕረት የተከለከሉትና ያልለመኑትም ይከሰሱ ዘንድ ወደ 300 የሚሆን ነገር ለዐቃቤ ሕግ ቢተላለፍ፥ ከጥቂቱ በቀር ሳይነካ ተቀመጠ። በክራዶክ አራት ሰዎች ግድያ ምሕረት የተነፈጋቸው ፖሊሶችም ለፍርድ ሳይቀርቡ ሞቱ። የሟቾቹ ልጆችና ሚስቶች ሳይታክቱ በመጮኻቸው በ2025 ስለ አሟሟታቸው አዲስ ምርመራ ተከፈተ፤ ክሱ ሆን ተብሎ ተጨቁኖ እንደ ሆነም የሚመረምር ኮሚሲዮን በዚያው ዓመት ተሾመ።

እንግዲህ ነገሩን አስተውሎ ለሚመረምር ሰው ጉድለቱ ከወዴት እንደ መጣ ግልጥ ነው። በደሉን ምሕረት ማድረግ አልነበረም፤ ምሕረት ከተደረገ በኋላ የምሕረቱን ዋጋ ሳይከፍሉ መቅረት ነበረ እንጂ። ተበዳዮቹ ቁስላቸውን በአደባባይ ገልጠው፥ የመክሰስ መብታቸውንም ለአገር ሰላም ብለው ትተው ድርሻቸውን ፈጸሙ። መንግሥቱ ግን በዳዩ እምቢ ቢል እከሰዋለሁ፥ ቢናገርም እኔ እክሳለሁ ያለውን ቃል አጎደለ። የኢትዮጵያ ሽማግሎችም ደም ሲያደርቁ፥ በዳዩ በደሉን ሳያምን ካሳም ሳይቆረጥ ነገሩን አይዘጉም።

የኢትዮጵያ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በ2024 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋልና፥ ይህ ጥያቄ ከሩቅ አገር የሚሰማ ወሬ ብቻ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ በሽታውን ከገለጠ በኋላ መድኃኒቱን የተከለከለም እንዲሁ አይድንም። በደቡብ አፍሪቃ ባሎቻቸውን ያጡት ሴቶች ከብዙ ዓመት በኋላ ሸምግለው ወደ ፍርድ ቤት የተመለሱት በቀል ሽተው ሳይሆን፥ የተገባላቸው ቃል ሳይፈጸም ስለ ቀረ ነው።