ገልና ስልቻ

አያቴ ጋን ሲሰበርባት አትጥለውም ነበር። ገሉን ለቅማ አንዱን ለፍም መጫሪያ፣ አንዱን ለዕጣን ማጨሻ፣ የቀረውን ለዶሮ ውኃ ማጠጫ ታደርገዋለች። እኔ ቀን ቀን በባንክ መስኮት ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ ማታ ግጥም የምሞክር የይፋግ ልጅ ነኝ። ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ግን በዓይኔ የሚዞረው ያ ገል ነው።

ቅመም አይቆይምና! ቁንዶ በርበሬው ይበላል፣ መርከቡ ይበሰብሳል፣ ነጋዴው ይሞታል፤ የሚተርፈው ሸክላው ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በግብፅ ጥንታዊ የበረኒቄ ወደብ፣ የሥነ ቁፋሮ ሊቃውንት በሴራፒስ ቤተ ጣዖት ግቢ አንድ ትልቅ የሕንድ ጋን አገኙ። በውስጡ ከ7 ኪሎ የሚበልጥ ቁንዶ በርበሬ ነበረበት፤ ከአንደኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወጥ ሳይነካው የተቀመጠ።

የእኛም በር አዱሊስ ነበረች። በዚያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው «የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ» የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ ከእርሷ እንደሚወጣ፣ ጥቂት የወይን ጠጅና ዘይት እንደሚገባባት ይናገራል። ጠጁ ተጠጣ፤ እንስራው ግን አለ። በዛሬዋ አቃባ ምድጃው የተገኘለት፣ ግርጌው የሾለ ባለ ሁለት እጀታ እንስራ በአክሱምም በአዱሊስም ተቆፍሮ ወጥቷል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከኤርትራ ጠረፍ ማዶ፣ በጥቁር አሳርካ ደሴት አጠገብ፣ ከሰጠመ መርከብ ጋር ባሕር ውስጥ ተገኘ። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላ የተደረገው ቁፋሮም ከየመንና ከቻይና የመጣ የሸክላ ስባሪ እንዳስገኘ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ተነግሯል።

ታዲያ ይፋግስ? የየጁ ራሶች ደብረ ታቦር ተቀምጠው በሚገዙበት ዘመን ይፋግ የታወቀ ገበያና ኬላ ነበረች። ሲራራ ነጋዴ አሞሌውን፣ ቡናውን፣ ዝባዱን ይዞ ወደ ምጽዋና ከምጽዋ ይመላለስባት ነበር። ነገር ግን በቅሎ ገደል ለገደል ሸክላ አትጭንም፤ የምትጭነው ስልቻ ነው። ስልቻ ደግሞ ቆዳ ነው፤ አፈር ይበላዋል። ባሕር መርከብ ሰባብሮ እንኳ ደረሰኙን ያስቀምጣል፤ የደጋው ንግድ ግን ሒሳቡን ሳይዘጋ ጠፋ። ለባንክ ሰው ይህ ያንገበግባል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ሌላ ነገር አለ። ሊቃውንት ዘመን የሚቆጥሩት በሸክላ ነው፤ እኛ ግን ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያልን ማዕድ ስንለይባት ኖርን። አያቴም ሳትቀር! ገሉን እንደዚያ ስትሳሳለት፣ የሠራችውን ሴት ከደጅ ነበር የምትሸኛት።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ከአንዲት እናት ፊት ቆምሁ። ጀበናውን አንስቼ በጣቴ ቆረቆርሁት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

«ማን አስተማረዎት እማማ?» አልሁ።

«እናቴ። እሷን ደግሞ እናቷ» አሉኝ፤ ጭድ እየጠቀለሉበት።

ዋጋ ሳልከራከር ከፈልሁ።