ጆሮ እንጂ አፍ ያልነበረው አንቴና

የትምህርት ቤታችን በዓል ያለፈውን ዘመን እንድንመረምር ስለሚጋብዘን፥ እኛም ታላላቆቻችን በናፍቆት ሲያነሡት የምንሰማውን የመኪና አንቴና መርጠናል። ነገሩ ለጊዜው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ የብረት ዘንግ ማን ይሰማ፥ ማንስ ይናገር እንደነበረ ስንጠይቅ ጨዋታው ወደ ቁም ነገር ይለወጣል።

በአሜሪካ አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 ተራው ዜጋ በ27 ሜጋኸርትዝ አካባቢ በአነስተኛ የመገናኛ ራዲዮ እንዲነጋገር ተፈቀደለት። የሞገዱ ርዝመት 11 ሜትር ያህል ስለሆነ፥ ለዚህ የሚስማማው አንቴና የርዝመቱ ሩብ፥ ይኸውም 2 ሜትር ከ75 ሳንቲሜትር ነው። በ1973 የነዳጅ ችግር በደረሰ ጊዜ የካሚዮን ነጂዎች ነዳጅ የት እንደሚገኝ፥ ፖሊስም የት እንደቆመ በዚሁ ይነጋገሩ ነበር።

የእኛ ነጂ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔና በሐዋሳ አድርጎ፥ ዲላን፥ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን አልፎ ወደ ሞያሌ የሚወርደው ኤንትሬ አንቴና ቢኖረው እንኳ ለመስማት ብቻ ነበር። ነጂው ለባልንጀራው የሚነግረው ነገር ሲኖረው መብራቱን ያበራል፥ ያጠፋል፤ መኪናው ሲበላሽበት ቅጠል ቆርጦ በመንገዱ ላይ ይጥላል፤ የቀረውን ወሬ በየቡና ቤቱ ያደርሳል።

የሚሰማው ግን ብዙ ነበር። በአቃቂ የተቋቋመው የራዲዮ ጣቢያ ከመስከረም 1928 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ብሥራተ ወንጌልም ከየካቲት 1955 ዓ.ም. ጀምሮ ድምፃቸውን አሰምተዋል፤ ብሥራተ ወንጌል በ1969 ዓ.ም. በደርግ እስኪወረስ ድረስ። ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ለምትገኘው ዲላ የመካከለኛው ሞገድ ድምፅ ቀን ቀን ይደክማል፥ ሲመሽ ይበረታል፤ ምክንያቱም ፀሐይ ስትጠልቅ ሞገዱን የሚውጠው የሰማይ ንጣፍ ይሳሳና፥ ከላዩ ያለው ንጣፍ ድምፁን ወደ ምድር ይመልሰዋል። ስለዚህ ሌሊት የሚነዳ ሰው ቀን ከሚነዳው ይልቅ ወሬ አዋቂ ነበር ለማለት እንደፍራለን።

አፍ ያለው ረጅም አንቴና የሚታየው በመንግሥትና በዕርዳታ ድርጅት መኪና ላይ ነበር። በፊት መከላከያው ላይ ተተክሎ፥ ጫፉ ወደ ኋላ ተለምጦ በገመድ ይታሠራል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ ሲፈናቀል፥ የዕርዳታ መኪናዎች ወደ ዞናችን መጥተዋል። ዱቄትና ብርድ ልብስ የሚጠየቅላት እናት ግን ከመኪናው ውጭ ቆማ ትጠብቃለች፤ ስለ እርሷ የሚናገረው ሌላ ሰው ነው። አንቴናውን የሚናፍቁ ሰዎች ይህን እምብዛም አያነሡትም።

በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የእጅ ስልክ እያደር ወደ እኛም ደረሰ። አሁን ነጂው ብቻ ሳይሆን ረዳቱም በኪሱ ስልክ ይዟል። ቅጠሉ ግን ዛሬም በመንገዱ ላይ ይጣላል።